ጃንጥላ የያዘው ልጅ

ዛሬ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ልቀበል እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። ልጁ ፍላሹ ላይ ኮፒ እያደረገ በስልኩ የአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማህበር የሽልማት ምሽት እያየ ነበር፣ «ና እስኪ ይቺን እያት» አለኝ። አሸናፊው መድረክ ላይ ቆሞ ረዳቶቹን በስም ይጠራል። እኔ ሽልማቱ የአንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ያሸነፈው ፊልም ረዳት ዳይሬክተሮችና ፕሮዳክሽን ማናጀሮችም እውቅና ያገኛሉ፣ መራጮቹም ራሳቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው። ስንት አመት የኖረ ሽልማት ሆኖ በዋናው የፊልም ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት አሸናፊ ካትሪን ቢግሎው ናት፣ ያውም በ2010 እ.ኤ.አ. ሲለኝ ግን ደነገጥኩ።

ከዛ የእህቴን ቪዲዮ መጨረሻ ከፈተልኝ። ስሞች ናቸው። ካሜራ፣ መብራት፣ ሹፌር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ «ጃንጥላ» ይልና የአንድ ልጅ ስም። ወዲያው ትዝ አለኝ፣ ፋሲል ግቢ ፎቶ ስንነሳ ያ የግንቦት ዝናብ ሲወርድ እሱ እየበሰበሰ ካሜራው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የቆመው ልጅ! «እኔ ጥምቀት ሲቀረጽ ሶስት አመት ገመድ ጎትቻለሁ፣ ስሜን የጻፈ ግን አልነበረም» አለኝ የፎቶ ቤቱ ልጅ ኪቦርዱን እያየ።

የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እኮ የተወለደው እዚሁ ጎንደር ነው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በ«ጤዛ» ፊልሙ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት የወሰደው ሰው። እዚህ ከተማችንም ትንሽ ብትሆን እንኳን እንዲህ አይነት ምሽት ብትኖር፣ ከካሜራ ኋላ ያሉትም የሚጠሩባት፣ ከልቤ እመኛለሁ።

ማታ እህቴ ቪዲዮውን አይታ ስሞቹ ጋ ስትደርስ ልትዘጋው እጇን ሰደደች። «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» አልኳት።