ለስድሳ ተማሪ አንድ ሰነድ አይበቃም

ሐዋሳ ላይ ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ጉግል ዶክስ (ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጽፍበት ሰነድ) ለመጠቀም ካሰባችሁ፣ ሁሉንም አንድ ሰነድ ውስጥ አትክተቱ። በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሰው ቢያጽፍም አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል፣ ስልክም ይንቀራፈፋል። አምስት አምስት አድርጋችሁ መድቡና ለየቡድኑ የራሱን ሰነድ ክፈቱለት።

ባዶ ገጽም አትስጧቸው። የባዮሎጂ ሥራው የአሞራ ገደል (የሐዋሳው የዓሣ ገበያ) ዓሣ ከሆነ ሠንጠረዥ ይጠብቃቸው፦ ዓይነት (ቆሮሶ ወይስ አምባዛ)፣ ርዝመት በሳንቲሜትር፣ ክብደት በግራም፣ የመዝጋቢው ስም። ተማሪ ራሱ የመዘነውን ቁጥር ሲያሰፍር ሥራው የእሱ ይሆናል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ማጋሪያው ነው። ሼር ብላችሁ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ስትመርጡ ፈቃዱ «ቪወር» ሆኖ ይቀርና ተማሪው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፤ «ኤዲተር» አድርጉትና ሊንኩን በቴሌግራም ላኩ። ሁሉም በየራሱ ጂሜይል ይግባ፤ አለበለዚያ ማን ምን እንደጻፈ አይለይም።

ጽሑፍ ከጠፋ አትደንግጡ። ኮምፒውተር ላይ ፋይል፣ ከዚያ ቨርዥን ሂስትሪ ግቡና የትናንቱን መልሱ። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቀን ደግሞ ሰነዱን አስቀድመው ስልካቸው ላይ «ኦፍላይን» ያድርጉት፤ የጻፉት ኔትወርኩ ሲመለስ ይገባል።