ኮዴኩ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረኝ ወረቀቱ ነው

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ሥራው የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮዎችን መጭመቅ ነው። እዚህ በፍላሽ ለተማሪዎች ይታደላሉ፤ አሜሪካ ላሉ የሐበሻ ልጆች ደግሞ በአፕ ይሸጣሉ። ቀረጻውም ኤዲቲንጉም በሰላም አለቀ።

ጣጣው የጀመረው አሠሪው መሥሪያ ቤት ኮዴክ (ቪዲዮ የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) መምረጥ ላይ ሲደርስ ነው። የአይቲ ኃላፊው ኤች.265 (ኤችኢቪሲም ይባላል) የሚባለው ኮዴክ ይሁን አሉ። «የሚጨምቅልን ፕሮግራም፣ ኤክስ265፣ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም አይጠይቀንም።» ኧረ ይጠይቃል! ነጻ የሆነው ኮዱ ነው። የመጭመቂያው ዘዴ ግን የብዙ ኩባንያዎች ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለበት። የፓተንቱን ክፍያ ሰብሳቢውም አንድ አልነበረም፦ ኤምፔግ ኤልኤ እያለ በ2015 ኤችኢቪሲ አድቫንስ፣ በ2017 ደግሞ ቬሎስ ሚዲያ መጡ። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ስለሆነ እዚህ ማንም ላይመጣብን ይችላል። አሜሪካ ስንሸጥ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ኤቪ1 የሚባለው ኮዴክ ይሁን አልኩ። ጎግል፣ ኔትፍሊክስና ሞዚላ ያሉበት ኅብረት በ2018 ያወጣው ነው፤ አባላቱ በፓተንታቸው ገንዘብ ላይጠይቁ ፈቃድ ሰጥተዋል። አሁን ደግሞ ግዢ ክፍል ተነሣ፦ «ምንም ፓተንት እንደሌለበት ጽፈህ ፈርምልን።»

እንዴት ብዬ? ፈቃዱ የሚያስረው የሰጡትን ብቻ ነው። ሲስቬል የሚባለው ድርጅት በ2019 ኤቪ1 ላይ ፓተንት አለን የሚሉ ኩባንያዎችን ሰብስቦ ክፍያ ጠይቋል። ይህን ሳሳያቸው «ታዲያ ለምን ነጻ ነው አልክ?» ተባልኩ። ፋይሉ ከግዢ ወደ ሕግ ክፍል፣ ከሕግ ወደ አይቲ ሲንከራተት ከረመ። አንዳቸውም ያቺን አጭር የፈቃድ ጽሑፍ አላነበቧትም። እስካሁን ያበግነኛል። በመጨረሻ ፈቃዱን አያይዤ «የኅብረቱ አባላት የሰጡት ይህ ነው» ብዬ ፈረምኩ። እናንተም ከዚህ አልፋችሁ አትፈርሙ፤ ሥራው ቢቀር ይቅር።

ጥራትም ላይ አልተስማማንም። መመሪያቸው ቪማፍ የሚባለው፣ የቪዲዮ ጥራት በኮምፒውተር የሚለካበት ነጥብ ከፍ ካለ ይበቃል ይላል። ለጥቁር ሰሌዳ አይበቃም። ነጥቡ አሪፍ ሆኖ ሳለ ቀጭኑ የጠመኔ መስመር ይዋጣል። ከሦስት ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት ስትጠፋ ተማሪው የሚያየው ሌላ ሒሳብ ነው። በኤቪ1 የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ኤስቪቲ-ኤቪ1፣ ላይ ምስሉን የሚያለሰልሰውን ማጽጃ ዘጋሁት፣ ቢትሬቱን (ለየሰከንዱ ቪዲዮ የሚመደበውን ዳታ) ጨመርኩ፣ ሰሌዳው የሞላባቸውን ቦታዎች በዓይኔ እያየሁ ጨረስኩ። ምልክቶቹ አሁን በትንሽ ስልክ ላይም ይነበባሉ። በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

«ሁሉም በአንድ ፎርማት ይሁን» የሚለውንም አልተቀበልኩም። ዴቭ1ዲ የሚባለው ፕሮግራም በኤቪ1 የተጨመቀውን በጣም ፈጥኖ ይፈታል፤ አሮጌ ስልክ ላይ ግን ባትሪ ይጨርሳል። ከኤች.265 በፊት የነበረው ኮዴክ፣ ኤች.264፣ የወጣው በ2003 ነው፤ ፓተንት ደግሞ በአብዛኛው ከማመልከቻው ጀምሮ 20 ዓመት ነው የሚቆየው፤ የጥንቶቹ ጊዜያቸው አልፏል። ፍላሹ ላይ ኤች.264፣ አፑ ላይ ኤቪ1 አደረግሁ። ያልተጨመቀው ዋናው ቅጂ ደግሞ ለብቻው ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ ነገ ኮዴክ ቢቀየር የምጀምረው ከእሱ ነው።