ከአይሪሱ ሜዳ እስከ ሹኩ

ዓርብ ጠዋት በእስራኤሏ የባሕር ዳር ከተማ በነታኒያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ካያችሁ ወይ ጡረተኛ ነው ወይ እኔ ነኝ። ዓርብ እዚህ የሩጫ ቀን ነው። ሰንበት ሳይገባ ገበያው፣ ወጡ፣ ጽዳቱ ሁሉ ማለቅ አለበት። እኔ ደግሞ ዓርብ ሥራ የለኝም። እናቴ ከሹክ፣ ከገበያው ማለት ነው፣ የሚገዛ ነገር ስታዘኝ አውቶቡሱን ትቼ በባሕሩ ገደል ጫፍ በእግሬ እሄዳለሁ።

እማዬ ይህ ነገር እስካሁን አልገባትም። "አውቶቡሱ ሥራ አቆመ እንዴ?" ትለኛለች። ለመዝናናት ነው ስላት ዝም ብላ ታየኛለች። አልፈርድባትም። በልጅነቷ ከስሜን ተራሮች ሥር ተነስታ ሱዳን ድረስ በእግሯ የሄደች ሰው ናት። የእግር መንገድ ድርሻዋን ያኔ ጨርሳለች።

የምነሳው ከደቡብ በኩል ነው፤ ኢር ያሚም ከሚባለው አዲስ ሰፈር። በረጃጅሞቹ ፎቆች አጠገብ አንድ የተጠበቀ ሜዳ ተርፏል፤ የአርጋማን አይሪስ የሚበቅልበት። ይህ አበባ በዱር የሚገኘው በእስራኤል የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ጊዜው አሁን ነው፣ የካቲት። ቀለሙን ሐምራዊ ይሉታል፤ ከሩቅ ላየው ግን ጥቁር ነው።

ዛሬ አንዱ አበባ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ወደ ውስጡ አጮለቅሁ። ቅጠሎቹ ተደራርበው ትንንሽ ዋሻ ይሠራሉ። አንደኛው ዋሻ ውስጥ ንብ ተኝቷል። ወንድ ንብ ነው፣ በቀፎ የማይኖር ዓይነት። አበባው ንብ የሚቀስመው ጣፋጭ ነገር የለውም። የሚሰጠው ማደሪያ ብቻ ነው። ወንዶቹ ሲመሽ ይገቡና ያድራሉ፤ ማደሪያ ሲያማርጡ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የወንዴውን ዱቄት ያደርሳሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጥቁሩ አበባ ቶሎ ይሞቃል፣ እንግዳውም በጊዜ ይነሳል ይላሉ የሚያጠኑት ሰዎች። የኔው ግን ገና ነበር። አንድ እግሩን ዘርጋ አደረገና መልሶ ሰበሰበው። ዓርብ መሆኑን የነገረው የለም።

ከዚያ ወደ ሰሜን ታየሌቱን፣ የባሕር ዳሩን የእግር መንገድ፣ መያዝ ነው። ባሕሩ በግራ፣ ከተማው በቀኝ። ገደሉ አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ግድግዳውን መትቶ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ደህና በነፈሰ ቀን ፓራግላይደሮች ከራሳችሁ በላይ ተንሳፍፈው ታያላችሁ። ዛሬ ቅጠል አይነቃነቅም። ደስ ይላል።

ይህ ገደል አለት ይመስላል እንጂ አሸዋ ነው። ኩርካር ይሉታል። ነፋስ የቆለለው አሸዋ በኖራ ተያይዞ ጠጠረ፤ በመካከሉ ቀይ አፈር ገባበት። በጥፍር ቢፍቁት ይፈረፈራል። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕሩ ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ዝናቡ ከላይ ያጥበዋል፣ ከዚያ አንድ ቁራሽ ተገምሶ ይወርዳል። ናዳ አለ፣ አትጠጉ የሚል ጽሑፍ አጥሩ ላይ ተለጥፏል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ጫፉ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። እንዲህ ያለውን ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

አሸዋው ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ናይል ያመጣው ነው። ወንዙ ለዘመናት ግብፅ ላይ ወደ ባሕር ያፈሰሰውን፣ የባሕሩ ሞገድ ሲናን አዙሮ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ሲገፋው ኖሯል። ነጣ ያለው ቅንጣት ከብዙ አገር የተሰበሰበ ነው። ጥቁር ጥቁሩ ውስጥ ግን አውጋይት የሚባል ማዕድን አለ፤ የኢትዮጵያ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሸርሽሮ በዓባይና በአትባራ የወረደ። ተከዜ የሚገባው አትባራ ውስጥ ነው። ተከዜ ደግሞ የእናቴ አገር ወንዝ ነው።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? ግንዱን እንጃ፣ አሸዋውን ግን እዚህ አራግፎታል።

ይህን ለእማዬ የነገርኳት ቀን ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"በሱዳን በኩል ነው የመጣው?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ።"

"ኡም ራኩባ አላስቀመጡትማ!"

ብቻዋን ሳቀች። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያ የሱዳን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ቀብረው ነው፣ ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ባወጣው በዘመቻ ሙሴ አውሮፕላን እዚህ የገቡት። በካምፑ ስትቀልድ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጠለችና፣ "ስንት ጊዜ ፈጀበት?" አለች። ሺህ ዓመታት አልኳት። "እንግዲያ እኔ እሻላለሁ" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

አሁንማ ከዚያ የሚነሳ አሸዋ እዚህ አይደርስም። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ከላይ ደግሞ ተከዜም የራሱ ግድብ አለው፣ ዓባይም ህዳሴ ተሠርቶለታል። የመጣው መጥቷል፣ በሩ ተዘግቷል። ይህ ወሬ ለእኛ ሰው ሌላ ወሬ ያስታውሰዋል፤ ዛሬ ግን አልገባበትም።

መሐል ከተማው ሲቃረብ በመስታወቱ አሳንሰር ወደ ሲሮኒት ባሕር ዳርቻ ወረድሁ። ውሃው ሸሽቶ በተወው እርጥብ አሸዋ ላይ ጥቁር ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ቆንጥሬ መዳፌ ላይ በተንሁት። ከነጩ ይከብዳል፤ ስነፋው ነጩ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ይቀራል። አጠገቤ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውዬ ምን ጠፋሽ ብሎ ሊያፋልገኝ ጎንበስ አለ። ጉትቻ ነው አልኩት፤ ማን ከአውጋይት ጋር ይጨቃጨቃል?

ላይ ስመለስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ጋቢ፣ ጭራ፣ ከፀሐይ መነጽር ጋር።

"እንደምን አደሩ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

አያቴን ጠራሁላቸው። አወቋቸው። አያቴን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ መንገዱ እንደቆመ ቁጠሩት። የበቅሎዋን ታሪክ ሰማሁ፣ የእርሻውን ሰማሁ፣ ሄፍጺባ ሰፈር ውስጥ ማን ማንን እንዳገባ ሰማሁ። በመጨረሻ ወዴት ነሽ ሲሉኝ ሹክ አልኳቸው። "ኮረሪማ ከሆነ ከአትክልት ተራው ጀርባ ያለው ልጅ ደህና አምጥቷል። ሌላው ጋ አትግዢ፣ ቀፎ ነው" አሉኝ። ከእንዲህ ያለ ምክር የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።

የነጻነት አደባባይ እንደ ወትሮው ፈረንሳይኛ ይንጫጫል። ካፌዎቹ ጢም ብለዋል። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው ከአሜሪካዊው ሀብታም ከናታን ስትራውስ ነው። ገንዘብ ይሰጠናል ብለው ነበር ይባላል፤ እሱ ግን ያለውን አስቀድሞ ሰጥቶ ጨርሷል። ስሙ ብቻ ቀረላቸው። አላለፍኩም፣ ቡና ጠጣሁ።

ሹክ ስገባ የተባለውን ልጅ አገኘሁት። ኮረሪማውን ሰብሬ አሸተትሁ፤ አባባ አልዋሹም። አንዲት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ አንድ ፍሬ አነሳች። አሸተተችና ዓይኗን ከደነች። ምን ላይ ይገባል ብላ ጠየቀችኝ። ወጥ ላይም ቡና ላይም አልኳት።

"ለቡና ስንት?"

"አንድ ፍሬ ብቻ፣ እሱም ይበቃል።"

ሻጩ በአማርኛ፣ "አበላሸሽብኝ እኮ እህቴ፣ ግማሽ ኪሎ ልሸጥላት ነበር" አለኝና የኔን ሩብ ኪሎ ሚዛኑ ላይ ጣለው።