ወረቀቱ ላይ የተሣለው ዓይን

የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁን ሲሉኝ የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር። ማኅበራችን ትንሽ ናት። የኪነ ጥበብ ፍልስፍና የሚወዱ መምህራን፣ ሠዓሊዎች፣ ገጣሚዎች፣ ሁለት ሦስት አርክቴክቶች ያሉባት። ሐዋሳ ላይ በወር አንዴ እንሰበሰብና ውበት ያለው ነገሩ ውስጥ ነው ወይስ የሚያየው ሰው ዘንድ እያልን እንከራከራለን። ሳንግባባ እንነሣና አሞራ ገደል ወርደን አሣ እንበላለን። ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች መሀል 5 የቦርድ አባል መምረጥ ምን ይከብዳል?

ከበደ። አራት ወር ፈጀብኝ።

የቀድሞው አመራረጣችን ቀላል ነበር። ሰብሳቢው ይነሡና «እንግዲህ ጊዜያችን አልቋል፣ ሌሎችን ምረጡ» ይላሉ። ቤቱ ዝም ይላል። ከኋላ አንድ ድምፅ «ባሉበት ይቀጥሉልን!» ይላል። ጭብጨባ። አለቀ። እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኗል፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጉዱ የታየን ሁለቱ የቦርድ አባላት ሥራ ቀይረው ከከተማ ሲወጡና ባንክ ሄዶ የሚፈርም ሰው ሲጠፋ ነው። ለወር ያህል የአዳራሽ ኪራይ ከኪሳችን አዋጣን።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔው ነው። ቀን ቆርጬ ጥሪ በተንኩ። ቀኑ ከፍቼ ጨምበላላ ጋር ገጠመ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ዘመን ቆጣሪዎች ከዋክብት አይተው ነው የሚወስኑት። እኔ ደግሞ የግድግዳ ካላንደር አይቼ ነው የወሰንኩት። ከ64 አባላት 19 መጣን። ምልዓተ ጉባኤ 33 ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ የሚያልፈውን ሰው ዘፈን ስንሰማ አንዷ አባል «የኪነ ጥበብ ማኅበር ነን ብለን ከተማው ሙሉ ሲዘፍን እኛ ወንበር እንቆጥራለን» አለች። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ ግን አጀንዳዬ ላይ አልመዘገብኩትም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተበተንን፤ አብዛኞቻችን የሄድነው ወደዚያው ነው።

ሁለተኛውን ስብሰባ ከመጥራታችን በፊት ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ደንቡን አነበበ። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንድ የሕግ መምህርና አንዲት ገጣሚ። የሕግ መምህሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ይዞ መጣ። የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ቦርዱ አይደለም አለን። ይህን ሁላችንም እናውቃለን እንላለን፤ በተግባር ግን ቦርዱን እንደ አባት ነው የምናየው።

ከዚያ መራጩ ማነው የሚለው መጣ። መዋጮ የከፈለ ይመርጣል ይላል ደንቡ። መቼ የከፈለ? አይልም። ከስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው በቴሌብር የስድስት ሰው መዋጮ ባንዴ ከፈለ። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ጓደኞቹ አደራ ብለውት ይሆናል። ቢሆንም ስድስት ድምፅ ቀላል አይደለም። ከስብሰባው 30 ቀን በፊት ያልከፈለ አይመርጥም ብለን ወሰንን፤ እነዚያን ስድስቱን ግን ደንቡ ከነሱ በኋላ ስለመጣ አስመረጥናቸው። ተነጫነጭን፣ አለፈ።

አንድ ሌላ ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ በዘርፉ ያልተማረ አይምረጥ የሚል። ያቀረበው ሰው ሂዩምን ጠቀሰ። ፈላስፋው በ1757 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድርሰት ጥሩ የጥበብ ዳኛ ልምድ ያለው፣ ብዙ አይቶ ያነጻጸረ፣ ከአድልዎ የጸዳ መሆን አለበት ይላል። ገጣሚዋ «ሂዩም ስለ ሥዕልና ስለ ግጥም ነው ያወራው፤ እኛ ቼክ የሚፈርም ሰው ነው የምንፈልገው» አለችና ነገሩ በሣቅ ቀረ።

እውነተኛው ሥራ ግን ጥቆማው ላይ ነው። ምርጫ የሚበላሸው ድምፅ ሲቆጠር ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ቀድሞ ነው የሚበላሸው። አዳራሽ ውስጥ «እከሊትን እጠቁማለሁ» ስትል ተጠቋሚዋ ትነሣለች፤ «አመሰግናለሁ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ» ትላለች። ይህ እምቢታ ነው ወይስ ትሕትና? አይታወቅም። ይሉኝታ ነው። «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ሥልጣን ፈላጊ ይባላል። ስለዚህ የሚፈልገው እምቢ ይላል፣ የማይፈልገው ተለምኖ ይገባል፣ ከዚያ ስብሰባ አይመጣም።

ጥቆማውን ከአዳራሹ አወጣነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በታሸገ ፖስታ ይምጣ አልን። ከዚያ የተጠቆሙትን አንድ በአንድ ደወልኩ። ማንም ሳይሰማ፣ እሺ ወይስ እምቢ? ስልክ ላይ ሰው ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ በጉባኤ ፊት «አልችልም» ያለች መምህርት «እስካሁን ለብቻዬ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው» አለችኝ። በኋላ ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘችው እሷ ናት።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሠዓሊ ጋ ስደውል ደግሞ «ልጄ፣ ደክሞኛል፣ አልገባም። ስሜን ካላነሣችሁ ግን ይከፋኛል» አሉ። ይህን በየትኛው ደንብ ታስተናግደዋለህ? ስማቸውን በጉባኤው ፊት አነሣን፣ እሳቸውም ቆመው ለወጣቶች ለቀቁ፣ ቤቱ ተነሥቶ አጨበጨበ። አምስት ደቂቃ ወሰደ። ከሁሉም ነገር የተሳካልን እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ «5 ምረጡ» ሳይሆን «እስከ 5 ምረጡ» አልን። አምስት ሙላ ከተባለ ሰው የማያውቀውንም ይሞላል። የስም ቅደም ተከተሉንም በዕጣ አወጣን። ጎበዝ ነን ብለን ነበር። ያላሰብኩት አንዲት ቃል ነበረች። መመሪያው ላይ «ከስሙ ፊት ምልክት ያድርጉ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ዓይነት ምልክት? አላልኩም።

41 ሰው መረጠ። አራቱ ወንበሮች በግልጽ ተለዩ። አምስተኛው ላይ አንዱ 18፣ አንድ ወጣት ቀራፂ 17። አንድ ወረቀት ቀረ። በወጣቱ ስም ፊት ራይት የለም፣ ኤክስም የለም። ዓይን ተሥሏል። ሽፋሽፍቱ፣ ብሌኑ፣ ብሌኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ብርሃን ሳትቀር፣ በቢክ እስክሪብቶ። ሌላው የወረቀቱ ክፍል ባዶ ነው።

ሌላ ማኅበር ቢሆን ተበላሽቷል ተብሎ ይጣል ነበር። የኛ ሰዎች ግን ለዚህ ነው የተፈጠሩት። አንዱ ተነሥቶ ዊምሳትና ቢርድስሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1946 እ.ኤ.አ. የደራሲው ሐሳብ ለሥራው መመዘኛ አይሆንም ብለዋል፤ ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አትጠይቁ አለ። ሌላው ምርጫ ግጥም አይደለም፣ ምርጫ ማለት የመራጩ ሐሳብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብሎ ተቆጣ። የሣለው ሰው ይነሣና ይንገረን ያለም ነበር። ይህን የሕግ መምህሩ ቶሎ ዘጋው፤ ድምፁ ምስጢር ነው፣ ደግሞም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚነሣው ሰው እውነተኛው ሠዓሊ መሆኑን በምን እናውቃለን? ልክ ነበር። ክርክሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደ። እውነቱን ለመናገር በዓመቱ ካደረግናቸው ውይይቶች ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም።

ኮሚቴው 2 ለ 1 ወሰነ። ምልክት ብለናል፣ ዓይንም ምልክት ነው፣ ይቆጠር። እኔ ከሁለቱ አንዱ ነኝ። 18 ለ 18 ሆነ። ዕጣ ጣልን፣ ለወጣቱ ወጣ። የአምስቱንም ዘመን በዕጣ ከፋፈልነው፤ ለሁለቱ 3 ዓመት፣ ለሁለቱ 2፣ ለአንዱ 1። ይህን የወሰድነው ከአሜሪካው የሥነ ውበት ማኅበር ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ባለአደራዎቹ 3 ዓመት ያገለግላሉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ግን አይወጡም። እንደኛ ባንክ ደጃፍ የቆመ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል።

ማታ ሐይቁ ዳር ማኪያቶ ስንጠጣ ጋሼ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ አምሮ ነበር አይደል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ዓይኑ።»

ደነገጥኩ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ታዲያ ይመረጥ ማለትዎ ነው አይመረጥ?»

«ዓይናችሁን አትንቀሉበት ማለቴ ነው» አሉና ማኪያቷቸውን ፉት አሉ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። ስለ ጉማሬ ያወሩኝ ጀመር።

አደራ ነው ብለው ይሆናል። ይህ ልጅ አያምንም ብለውም ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፤ የሕግ መምህሩ ያለው ነገር ለእኔም ይሠራል። ወጣቱ አሁን ገንዘብ ያዥ ነው። ደረሰኞቹን በየወሩ አያለሁ፣ እስካሁን ንጹሕ ናቸው። ለቀጣዩ ምርጫ ወረቀቱ ላይ ሣጥን ገብቷል፣ «ሣጥኑ ውስጥ የራይት ምልክት ብቻ» ይላል።

ደንባችን የድምፅ ወረቀቶች ከ6 ወር በኋላ ይቃጠሉ ይላል። 40ዎቹን አቃጥለናል። አንዷ ፖስታ ውስጥ ናት፣ እኔ መሳቢያ ውስጥ። ለምን አልተቃጠለችም ብሎ የጠየቀ አባል እስካሁን የለም።