ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት

ባለቤቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ትወጣለች። እኔ የማስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቤት የምንቀረው እኔና 19 ወር የሞላት ልጃችን ነን። መጀመሪያ ላይ እነዚህን አራት ሰዓታት የማያቸው እንደ ጥበቃ ነበር፤ በአንድ ዓይኔ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ በሌላው እሷን እከታተላለሁ፣ ሳትወድቅና ሳትቆሽሽ ስድስት ሰዓት ከሆነ ጠዋቱ በሰላም አለፈ እላለሁ። ማታ ባለቤቴ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋለች?» ብላ ስትጠይቀኝም «ምንም፤ ስትጫወት ነው የዋለችው» ብዬ እመልስ ነበር። አሁን ያ መልስ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል፤ ዓይኔ ሥር ሆነው ሳላያቸው ያለፉ ብዙ ነገሮች እንደነበሩ አውቃለሁና።

ጅማ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት እግር ቡናና አንድ የአቮካዶ ዛፍ አያጣም፤ የእኛም ግቢ እንደዚሁ ነው። ልጄ ከተገዙላት መጫወቻዎች ሁሉ አስበልጣ የያዘችው በአቮካዶ መሐል ያለውን ድቡልቡል ፍሬ ነው። ታጥቦ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይደርቅና እንጨት ይመስላል። ለአፏ ትልቅ ስለሆነ ትውጠዋለች ብዬ አልሰጋም፤ እንደ ጀንፈል፣ ባቄላና ሽምብራ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች ግን በዚህ ዕድሜ የመተንፈሻ ቧንቧ ሊዘጉ ስለሚችሉ ቡና የሚለቀምበት ሰሌን ወደ እሷ አይቀርብም። የአቮካዶ ፍሬ እንደ ኳስ የተስተካከለ ክብ አይደለም፤ ሲንከባለል ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ባልታሰበ ቦታ ይቆማል፤ እሷም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትከተለዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት አራት የአቮካዶ ፍሬ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ የወተት ጣሳና አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ፍሬውን ባልዲው ውስጥ ስትጥለው ድም ይላል፤ ጣሳው ውስጥ ስትጥለው ቃ ይላል፤ በሁለቱም ሳቀች። ከዚያ ወደ ሃይላንዱ መጣች። ፍሬውን በአፉ ላይ አስቀምጣ ገፋችው፤ አልገባም። አዙራ ገፋችው፤ አልገባም። በሌላኛው እጇ ሞከረች፣ ፍሬውን ለውጣ ሞከረች፣ ሃይላንዱን ጭኗ መካከል አጣብቃ በሁለት እጇ ሞከረች። አሥራ አንድ ጊዜ ስትሞክር ቆጥሬያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ግን እኔ አልቻልኩም፤ እጄን ዘርግቼ ፍሬውን ወሰድኩና «እዚህ ነው የሚገባው» ብዬ ባልዲው ውስጥ ጣልኩላት።

ልጄ ፍሬውን ከባልዲው አውጥታ አየችኝና እንደተቀማ ሰው አለቀሰች። በእርግጥም ቀምቻት ነበር። የወሰድኩባት ፍሬውን አልነበረም፤ ስትጠይቀው የቆየችውን ጥያቄ ነበር። ባልዲው እንደሚቀበለውማ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አጣጥፌ መቀመጥን መለማመድ ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ በእነዚያ ጠዋቶች ግን ከዚህ የከበደ ሥራ አልነበረኝም።

በመምህርነት ሥልጠና ላይ ሳለሁ ስዊዘርላንዳዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤን (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ሰውዬው የገዛ ሦስት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ተከታትሎ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ይጽፍ እንደነበር የገባኝ ግን አሁን ነው። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ሕፃን አንድን ነገር ደጋግሞ የሚጥለው ሆን ብሎ አንዳንድ ነገር እየለወጠ ውጤቱን ለማየት እንደሆነ ያስረዳል። ይህን ሳስታውስ ከወንበሯ ላይ ማንኪያ እየጣለች ስታስቸግረኝ «አትጣይ!» እያልኩ የተቆጣኋት ቁጣ ሁሉ ትዝ አለኝ። እኔም ተማሪዎቼ ካስቀሩት ደብተር ባዶ ገጾች ቆርጬ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ማስታወሻዬ ስለዚያው ማንኪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋ ጣለችው፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ወርውራ፣ በመጨረሻም ማንኪያውን ትታ የገንፎዋን ጉራጅ ጣለችና ድምፅ አልባ መሆኑን ስታይ ጎንበስ ብላ ወለሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ወለሉን ማጽዳቱ ለእኔ ቀርቷል፤ ግን ያን ጎንበስ ማለቷን ባላየው ይቆጨኝ ነበር።

ስለ በርጩማው ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሲሆን የእኛው ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም ሦስቱም እግሮቹ መሬት ስለሚነኩ አይንገዳገድም፤ ለመውጣት ለምትታገል ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ደረቷን አስደግፋ ሆዷን ትጎትታለች፣ እግሮቿ አየር ላይ ይራገጣሉ፣ ትንሽ ታርፍና እንደገና ትገፋለች። መውጣቱን በሦስት ቀን ቻለችው፤ መውረዱ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ ፊቷን ወደፊት አድርጋ መውረድ እንደማይሆንና ጀርባዋን ሰጥታ እግሯን ወደታች መላክ እንዳለባት ለማወቅ በየቀኑ ጫፉ ላይ እየቆመች ታስብ ነበር። «ታስብ ነበር» ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ግንባሯ ይኮማተር ነበር።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ወደ ጎን ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ። ባለቤቴ ማታ ስታይ ደነገጠች፤ «በርጩማው ከዚህ ቤት ይውጣ፤ አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ማየት አበዛህ» አለችኝ። ስለ ሲሚንቶው ልክ ነበረች፤ ማየት ማለት ቦታውን አስቀድሞ አለማስተካከል ማለት አይደለምና። በማግስቱ በርጩማውን ወደ ውስጥ አስገብቼ ከሥሩ ሰሌን፣ ከሰሌኑ በላይ አሮጌ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩ፤ እኔም ከአንድ ክንድ ርቀት ላለመራቅ ተስማማሁ። ልጃችን ግን የተሰነጠቀ ከንፈሯን እየላሰች በማግስቱ ጠዋት እንደገና ወጣች።

መራመድ የጀመረችው ዘግይታ ነው ይላሉ። በ11 ወሯ ግድግዳ ይዛ ስትቆም ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያልን አጨበጨብንላት፤ ድክ ድክ ማለት የጀመረችው ግን 14 ወር አልፏት ነው። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ ብዙ ምክር ደረሰን። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት ልጆች ያለ ድጋፍ መሄድ የሚጀምሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ሳነብ ልቤ አረፈ። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎቿን ሳልጨነቅ ባየኋቸው ነበር።

ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ የቋንቋዋ ነገር ነው። አጥር የሚለየን አንዲት እናት አሉ፤ ልጄ «አኮ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። እሳቸው ከአጥሩ ማዶ «ኮቱ!» ሲሏት የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች። እሳቸው ቤት ውኃ ስትፈልግ «ቢቻ» ትላለች፤ ቢሻን ማለቷ ነው። እኛ ቤት ስትመለስ «ዋ» ትላለች። ድመቷ እዚያ አዱሬ ናት፣ እዚህ «ሚት» ናት። ማንም ሳያስተምራት የትኛው ቃል በየትኛው ቤት እንደሚሠራ ለይታ ማወቋን ሳይ እደነቃለሁ። አንድ ዘመዳችን በስልክ «ይደባለቅባታል፤ አንዱን አስይዟት» ብለውን ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ አልፎ አልፎ ቃላት ቢቀላቅል ጉድለት አይደለም፤ ስንት ቃል እንደሚያውቅ ለማወቅም የሁለቱንም ቋንቋ ቃላት አንድ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔም ቆጥሬያለሁ፦ 23 የአማርኛ፣ 9 የኦሮምኛ። «ቡና» የሚለውን ግን ከየትኛው ወገን እንደምጽፈው ስለቸገረኝ በሁለቱ መካከል አስቀምጬዋለሁ።

በዚያው በአኮ ቤት ባለፈው ሳምንት አዲስ ነገር ሆነ። ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ልጄ አንድ ባዶ ሲኒ አንስታ፣ ከሌላ ባዶ ሲኒ የቀዳች መስላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ለአኮ አቀረበች። እሳቸውም በቁም ነገር ተቀብለው፣ ፉት ብለው፣ «ገለቶሚ» ብለው መረቋት። በሲኒው ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ልጄም ምንም እንደሌለ ታውቃለች፤ አኮም እንደምታውቅ ያውቃሉ። የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ከሌላ ሰው ጋር መካፈል በዚህ ዕድሜ ብቅ የሚል ችሎታ ነው፤ የእኛ ልጅ የጀመረችው በቡና በመሆኑ ለጅማ ልጅ የሚገባ አጀማመር ይመስለኛል።

ስልክን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ ልበል። የጅማ ዝናብ እንደሌላው አገር በክረምት ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይመላለሳል። ውጭ መውጣት ባልቻልንበት አንድ ሳምንት ቪዲዮ ከፍቼ ሰጠኋት። ለአርባ ደቂቃ ጣቷን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ተቀመጠች፤ ያ ዝምታ አስፈራኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያሉ ሕፃናትም በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይላል። በማግስቱ ጣሳና ባልዲ አውጥተን ከቆርቆሮው ጠርዝ በሚንጠባጠበው ውኃ ሥር ደረደርን፤ ዝናቡ ራሱ የሰጠን ሙዚቃ እስኪያባራ ድረስ በቃን።

በአንድ እሑድ ደግሞ ሦስታችን ወደ ጅሬን ወጣን። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታው ላይ ነው። እኔ ስለ እንጨት ሥራው ልነግራት፣ በእሽኮኮ አድርጌ ሰገነቱን ላሳያት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ከትከሻዬ ወርዳ ግቢው ውስጥ የጉንዳን መስመር አገኘች። አንዱ ጉንዳን ከእሱ የሚበልጥ ገለባ ይዞ ይጎትታል፤ ልጄ ተንበርክካ፣ አፍንጫዋን መሬት ልታስነካ ምንም ያህል ሳይቀራት ተከተለችው። ጉንዳኑ በድንጋይ ሥር ሲሰወር ቀና ብላ «የለ» አለች። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ማዶ ዞረችና ጠበቀችው። የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ፣ በሌላ በኩል ሊወጣ እንደሚችል ታውቃለች ማለት ነው። ወጣም። ባለቤቴና እኔ ቤተ መንግሥቱን ያየነው ተራ በተራ ነው።

አሁን ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። ለሦስት ሳምንት ያህል በየጥቂት ቀኑ ትሞክረው ነበር፤ እኔም እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። በመሐሉ የሣር አገዳና የደረቀ የቡና ቅጠል እንደሚገቡ አወቀች፤ ሃይላንዱን ሞልታ ገልብጣ መርገፍም ተማረች። ትናንት ጠዋት እንደልማዷ ተቀምጣ ሣር ስትከት ከቆየች በኋላ አንዱን የአቮካዶ ፍሬ አነሳች። ወደ ሃይላንዱ አፍ ወሰደችው፤ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ቆመች። ፍሬውን አየች። የሃይላንዱን አፍ አየች። ከዚያ እጇን መልሳ ፍሬውን ባልዲው ውስጥ ጣለችና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ደብተሬ አጠገቤ ነበር፤ ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ባለቤቴ እንደተለመደው «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋለች?» አለችኝ። ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ተነሥታ በረንዳው ላይ ከቀሩት ፍሬዎች አንዱን አመጣች፤ ሃይላንዱንም አመጣች፤ መብራቱ ሥር ፍሬውን ከአፉ ጋር አስተያየችው።

«ሳትሞክር?» አለችኝ።

«ሳትሞክር» አልኳት።