መጀመሪያ ሰው ይዘሽ ነይ

ዓይኔን በሌዘር አሠርቼ ያለ መነጽር የተነሣሁትን ፎቶ ካዩ ወዲህ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ጥያቄ አላቆመም። «በሌዘር ነው አሉ፤ እዚያ እኮ ነጻ ነው አይደል?» «ያማል?» «በማግስቱ ሥራ ገባሽ?» አንዷማ «አንቺ ምን አለብሽ፣ አሜሪካ ነሽ» ብላ ዘጋችው። ለእያንዳንዷ ድምፅ ከምልክ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ነጻ አይደለም። ኢንሹራንስ «መነጽር ማድረግ ትችያለሽ፣ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው» ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ለአንድ ዓይን 2000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠየቃል። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት በጣም ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ የመነጽር ቁጥሩ ትንሽ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። አዛውንት አንሥቼ ሳጥብ መነጽሬ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ይንሸራተታል። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ለውበት ብዬ አይደለም።

ምርመራው ከራሱ ከሌዘሩ ይረዝማል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ከምርመራው በፊት ለቀናት ወይም ለሳምንታት እንድታወልቁ ይነገራችኋል፤ ሌንሱ የብሌኑን ቅርጽ ስለሚያዛባ ልኬቱ ይሳሳታል። ብሌን የምለው ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ሰዎች ለዓይን ባንክ ሲለግሱ የምንሰማውን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሌዘሩ ከዚያ ላይ ቀንሶ ስለሚቀርጽ፣ በጣም የሳሳ ብሌን ያለውን ሰው ይመልሱታል። ኬራቶኮነስ የሚሉት፣ ብሌኑ እየሳሳ ወደፊት የሚሾልበት ሕመም ያለበትንም እንዲሁ። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ይህን ሕመም እንደሚያባብስ ሐኪሙ ሲነግረኝ አቧራና ፀሐይ ላይ ዓይናችንን ስናሽ ያደግን ልጆች ትዝ አሉኝ። ልጆች ያላችሁ፣ ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው አሳክሙ፤ «ያድግበታል» ብላችሁ አትተዉት። ተመርምሮ «አይሆንም» የተባለ ሰው ደግሞ አይዘን፤ ሐኪሙ ጠቅሞታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

የቀጠሮዬ ቀን ሊወስደኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ድንገት ሥራ ተጠራ። እኔ ብቻዬን ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ «ማን አብሮሽ መጣ?» አለችኝ። ማንም። «ባል?» የለም። «እህት?» አገር ቤት ናት። «ጎረቤት?» የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም። ኡበር እጠራለሁ አልኳት። ሾፌር ኃላፊነት አይወስድም፣ የሚያውቅሽ ሰው መፈረም አለበት ብላ ቀጠሮዬን ሰረዘችው። የተቀመጡት ሁሉ ሲያዩኝ ፊቴ ነደደ። እኛ አገር አንድ ሰው ሐኪም ቤት ሲተኛ እኮ ዘበኛው ጠያቂውን እየገፋ ነው የሚያስወጣው! እኔ ሌላውን አጥቤና አብልቼ የማድር ሴት፣ እዚህ የሚፈርምልኝ አንድ ሰው አጣሁ። አልቅሼ ወጣሁ።

ሕጉ ግን ልክ ነው። የሚያረጋጋ ኪኒን ይሰጣሉ፣ ስትወጡም የምታዩት ጭጋግ ነው፤ መንዳት አይቻልም። የሚያናድደኝ፣ ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ፈቃድ የማይሰጥ አገር «ሰው ይዘሽ ነይ» ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ የማኅበራችን እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በልጃቸው መኪና መጡልኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጸሎት እያደረጉ ጠበቁኝ። የፈረሙት በአማርኛ ነው። ማንም ምንም አላላቸውም።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። የማደንዘዣ ጠብታ፣ ከዚያ ሽፋሽፍት ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ። ዓይንን ተጭኖ የሚይዘው ቀለበት ሲያርፍ ለጥቂት ሰከንድ ጨለመብኝ፤ የሚያስፈራው ይህ ነው፣ አስቀድማችሁ እወቁት። አንደኛው ሌዘር ከብሌኑ ላይ ስስ ክዳን ይከፍታል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ይቀርጻል፤ ክዳኑ ይመለሳል፣ ያለ ስፌት ራሱ ይይዛል። እናንተ መብራቱን ብቻ ማየት ነው። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ እሳት አይደለም። ኤክሳይመር የሚሉት ሌዘር አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ በየምቱ እጅግ ስስ ንጣፍ ያነሣል እንጂ አያጋይም። ዓይን ላይ እንዲሠራበት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ነውና «መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው» ያላችሁኝም በዚህ ተረጋጉ።

ሕመሙ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ ቁና ሽንኩርት የከተፍኩ ያህል አቃጠለኝ፣ እንባዬ አልቆም አለ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው። ግን ሐበሻ ታማሚ ያስተኛል? በማግስቱ ማለዳ ምርመራ ደርሼ ስመለስ ጠያቂው ጎረፈ። ዶሮው መጣ፣ ጀበናው ተጣደ፣ እጣኑ ጨሰ። ጭስ ደግሞ ለእኔ ክልክል ነው! እጣኑ እንዲጠፋ ስለምን አንዷ ቅር አላት። ጠበል ያመጡም ነበሩ። ዓይን ውስጥ ማንኛውም ውኃ መግባት ስለሌለበት እማማ ግንባሬን ብቻ ቀቡኝና ነገሩን አበረዱት። ከወራት በፊት ያ የሐኪም ቤት ክፍል ብቻዬን አዋረደኝ፤ አሁን ቤቴ ሰው ሞልቶ መተኛት አቃተኝ። ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በዚያው ማለዳ ግን ወደ ምርመራው ስሄድ ከመኪና መስኮት የመንገድ ምልክቶችን አንብቤያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም።

ቢሆንም በዚህ አያበቃም። ማሸት ክልክል ነው፤ ክዳኑ ሊንሸራተት ይችላል። ስትተኙ የፕላስቲክ መከለያ ታደርጋላችሁ። ኩል፣ ዋና፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ በርበሬ ማበጠር ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ። የዓይን ድርቀት ለወራት ይከተላል፤ ጠብታዬ ከቦርሳዬ አልጠፋም። ሌሊት ስነዳ በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት አይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ የማይቀንስላቸውም አሉ። ሌሊት ለምትነዱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክዳን ሳይከፈት የሚሠራው ሌላው የሌዘር ዓይነት፣ ፒአርኬ የሚሉት፣ ደግሞ ለሳሳ ብሌን ይመረጣል፣ ግን ሕመሙ ለቀናት ነው፤ እይታው የሚጠራውም ዘግይቶ ነው። ከ40 በላይ የሆናችሁ፣ ሩቁ ቢጠራላችሁም ለንባብ መነጽር ይፈለጋል፤ ዕድሜን ሌዘር አያስቆመውም።

ወደዚህ ለመኖር ለምትመጡ፦ አገር ቤት ሳላችሁ ዓይናችሁን ተመርመሩና ሁለት መነጽር አሠርታችሁ ያዙ። እዚህ መነጽር ለመግዛት የሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ማዘዣው ራሱ ወጪ አለው። ለሌዘር በመጀመሪያው ዓመት ብድር ውስጥ አትግቡ። ከቤት ኪራይና ከመኪና ቀጥሎ የምትፈልጉት ሰው ነው፤ ማኅበርም ሆነ እድር ቶሎ ግቡ። ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ሞልቷል። ቀጠሮውን ስትይዙም የሥራ ሰዓታቸው የማይገጥም ሁለት ሰዎች ጠይቁ፤ አንዱ ሥራ ቢጠራ ሌላው ይደርስላችኋል።