የግሪክ አማልክት ጥናቴ፦ ከተዋጠው ድንጋይ እስከ በሬው ሥጋ

የት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ ሄሲዮድን ጨርሻለሁ። የሆሜርን የትሮይ ጦርነት ግጥም፣ ኢልያድን፣ አጋምሻለሁ። የዚሁኑ ገጣሚ ኦዲሴይን ገና እዚህም እዚያም እየቆነጠርኩ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ወፍሯል፤ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

በቅርቡ ለጀመራችሁ አንድ ምክር አለኝ። "እሱ የምን አምላክ ነው?" በሚለው ጥያቄ አትጀምሩ። አቴና የጥበብ፣ አሬስ የጦርነት፣ ፖሲዶን የባሕር እያሉ መሸምደድ ለጥያቄና መልስ ውድድር ይሆን ይሆናል። ግን ወዲያው ይፈርስባችኋል። ፖሲዶን የፈረስም የመሬት መንቀጥቀጥም ጌታ ነው። አቴና ጦርና ጋሻ ይዛ ትቆማለች፤ የሸማኔዎችም ጠባቂ ናት። አፖሎ ቸነፈር ይልካል፣ ያው እሱ ደግሞ ይፈውሳል። እኔ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ሰጥቻለሁ። የምጽፈውም የት ይመለኩ እንደነበር፣ ምን ይቀርብላቸው እንደነበር፣ ምን ይዘው እንደሚሳሉና ከማን ጋር እንደሚጣሉ ነው። ጁፒተር፣ ቬነስ የሚሉት የሮማ ስሞች ጥግ ላይ በትንሹ ይገባሉ።

መጀመሪያ የሚነበበው ሄሲዮድ ነው ባይ ነኝ። "ቴዎጎኒ" የሚባለው ግጥሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ገደማ የተገጠመ ነው። አንድ ሺህ ስንኝ ምናምን ነው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት ይበቃዋል። የስም ጋጋታው ግን ያታክታል። የባሕሩ ሽማግሌ የኔሬዎስ ሃምሳ ሴት ልጆች ጋ ስትደርሱ ዝለሏቸው፤ ማንም አይታዘባችሁም።

ዋናው ታሪክ የአባትና የልጅ ጠብ ነው። ሰማዩ ኡራኖስ ልጆቹን እናታቸው ምድር ውስጥ አፍኖ ያስቀራቸዋል። የመጨረሻው ልጅ ክሮኖስ በማጭድ ይሰልበዋል። ክሮኖስም በተራው ከልጆቹ አንዱ እንደሚገለብጠው ይሰማና የተወለዱትን እየተቀበለ ይውጣል፦ ሄስቲያን፣ ዴሜተርን፣ ሄራን፣ ሃዴስን፣ ፖሲዶንን። ዜውስ ሲወለድ እናቱ ሬያ ሕፃኑን ቀርጤስ ላይ ትደብቅና ለባሏ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ምንም ሳይጠረጥር ዋጠው። ኋላ ሲያስመልሰው መጀመሪያ የወጣው ድንጋዩ ነው። ዜውስም ወስዶ የአፖሎ መቅደስ ባለበት ዴልፊ ላይ ተከለው።

እስከዚህ ተረት ነው። አሁን ወደ ፓውሳንያስ እንሂድ። ይህ ሰው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ግሪክን እየዞረ ያየውን የመዘገበ ነው። ዴልፊ ላይ አንድ ድንጋይ አየ። ትልቅ አይደለም ይላል። በየቀኑ የወይራ ዘይት ያፈሱበታል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ያልተፈተለ የበግ ፀጉር ያኖሩበታል። ለክሮኖስ በልጁ ፈንታ የተሰጠው ይህ ነው የሚሉ እንዳሉም ይነግረናል። ከሄሲዮድ እስከ ፓውሳንያስ ከ800 ዓመት በላይ ነው! በየቀኑ ዘይት የሚፈስበት ከሆነ፣ ዘይቱን የሚያመጣ ሰው አለ፣ ወጪውን የሚችል አለ፣ ቀኑን የሚያስታውስ አለ። "ምን ይቀርብላቸው ነበር?" የሚለው ጥያቄ ከየገጼ አናት ላይ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አባታቸውን ካሸነፉ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች ዕጣ ጣሉ። ዜውስ ሰማዩን፣ ፖሲዶን ባሕሩን፣ ሃዴስ የሙታኑን ጨለማ ዓለም አገኘ። ምድርና ኦሊምፐስ ተራራ የጋራ ሆኑ። ይህን የምናገኘው ኢልያድ ምዕራፍ 15 ላይ ነው፤ የሚተርክልንም ራሱ ፖሲዶን ነው፣ ያውም ተናድዶ። ዜውስ ከጦር ሜዳው ውጣ ብሎ መልእክተኛ ልኮበታል። ፖሲዶን "የራሱን ድርሻ ይዞ አርፎ ይቀመጥ፤ ልጆቹን ይዘዝ" ዓይነት መልስ ይሰጣል። የለየለት የርስት ክርክር ነው። በመጨረሻ ዜውስ ታላቅ ወንድሙ ስለሆነ እያጉረመረመ ይወጣል።

ቆይ፣ ታላቅ? ሄሲዮድ ጋ እኮ ዜውስ የመጨረሻው ልጅ ነው። አዎ፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ማስታረቅም አያስፈልግም። ግሪኮቹ ሁሉም የሚገዛበት አንድ ቅዱስ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ገጣሚው በፈለገው መንገድ ይተርካል፣ ከተማውም የራሱን ይይዛል። በደብተሬ ላይ "ሆሜር እንዲህ፣ ሄሲዮድ እንዲያ" ብዬ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

በነገራችን ላይ ኦሊምፐስ ከፍታው 2,917 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጦጦ ያንሳል። ግን ከባሕሩ አጠገብ ተነስቶ ስለሚወጣ ከታች ለሚያየው ሰው ያስፈራል፤ ጫፉን ብዙ ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል።

"አሥራ ሁለቱ አማልክት" የሚባለውም እንደሚመስለው ቁርጥ ያለ አይደለም። አሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ አንዳንዴ የምድጃዋ አምላክ ሄስቲያ፣ አንዳንዴ የወይኑ አምላክ ዲዮኒሶስ ይቀመጣል። አቴንስ ያለው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ከተቀረጹት መካከል ዲዮኒሶስ አለ፣ ሄስቲያ የለችም። በየቪዲዮው "ሄስቲያ ጠብ እንዳይነሳ ወንበሯን ለዲዮኒሶስ ለቀቀችለት" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያምራል፤ ግን የጥንት ጽሑፍ ውስጥ የለም። የኋላ ዘመን ሰዎች ፈጠራ ነው።

ስለ ዲዮኒሶስ የገረመኝን ልጨምር። በአፈ ታሪኩ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ነገሥታት አናስገባህም ይሉታል፣ እሱም ያሳብዳቸዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ምሁራን ዘግይቶ ከምሥራቅ የገባ አምላክ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ በፈረንጆች 1952 ማይክል ቬንትሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት "ሊኒየር ቢ" የተባለውን የጥንት ጽሕፈት ፈታው። በጭቃ ሰሌዳዎቹ ላይ የዜውስ፣ የሄራና የፖሲዶን ስም ተገኘ። ዲዮኒሶስም አለ። ቀርጤስ ውስጥ ሃንያ ከተማ በተገኘ አንድ ሰሌዳ ላይ ለዜውስና ለዲዮኒሶስ የሚሰጥ ማር ተመዝግቧል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለት ነው። እንግዳ የተባለው ሰውዬ ለካ ከነባሮቹ አንዱ ነበር።

ለዓይን ልምምድ የማደርገው ቀላል ነው። የሸክላና የሐውልት ፎቶዎች አውርጄ መግለጫውን እሸፍንና ማን እንደሆነ እገምታለሁ። ባለ ክንፍ ጫማው ሄርሜስ፣ ባለ ክራሩ አፖሎ፣ ባለ መዶሻው ቀጥቃጭ ሄፋይስቶስ ነው። ሄራ ትቸግራለች፤ የራሷ የሆነ የማያሻማ ምልክት ብዙ ጊዜ አትይዝም። ባለሙያዎቹንም የሚያከራክር አለ። አርቴሚሲዮን ከሚባለው ርእሰ ምድር አጠገብ ከባሕር በ1920ዎቹ የወጣው የነሐስ ሐውልት አሁን አቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 2.09 ሜትር ነው። ግራ እጁን ወደፊት ዘርግቶ በቀኙ የሆነ ነገር ሊወረውር ነው። ያ ነገር ግን ጠፍቷል። መብረቅ ከነበረ ዜውስ ነው፤ ባለ ሦስት ጥርስ ጦር ከነበረ ፖሲዶን። የሚበዙት ወደ ዜውስ ያደላሉ። አንዱ ምክንያታቸው ረጅም ጦር ቢይዝ ኖሮ ዘንጉ ከጎን ለሚያየው ሰው ፊቱን ይጋርደው ነበር የሚል ነው። እኔም በእርሳስ ስዬ ሞከርኩት፤ እውነትም ይጋርደዋል።

አሁን ወደ በሬው ልምጣ። ደብተሬን ያየች እናቴ "አንቺ፣ ደግሞ ጣዖት መቁጠር ጀመርሽ?" አለችኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን አነበብኩላት። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ላይ አንድ ሽባ ሲፈውሱ ሕዝቡ "አማልክት ሰው መስለው ወረዱ" ብሎ ይጮኻል። በርናባስን ድያ፣ ማለትም ዜውስ፣ ጳውሎስን ደግሞ ዋናው ተናጋሪ ስለነበር ሄርሜን ይሉታል። የድያ ካህን በሬዎችና የአበባ ጉንጉን ይዞ ይመጣል። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደው በመከራ አስተዉአቸው። እናቴ ጸጥ ብላ ሰማችና "በሬዎቹንስ ምን አደረጓቸው?" አለች።

መጽሐፉ አይነግረንም። ግን መሥዋዕቱ ቢፈጸም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ከሆሜር እናውቃለን። በሬው ይታረዳል። የጭኑ አጥንት በሞራ ይጠቀለልና መሠዊያው ላይ ይቃጠላል፤ ጭሱ ለአማልክቱ ነው። የሆድ ዕቃው በእንጨት ተሰክቶ ይጠበስና ይቀመሳል። ሥጋውን ሕዝቡ ይበላዋል። መሠዊያው ያለውም ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ነው። አማልክቱ አጥንት የደረሳቸው ለሰው ባደላው አምላክ በፕሮሜቴዎስ ብልጠት ነው ይላል ሄሲዮድ፦ ሥጋውን በጨጓራ ሸፈነ፣ አጥንቱን በሚያብረቀርቅ ሞራ፤ ከዚያ ዜውስን ምረጥ አለው። ዜውስ ሞራውን አነሳ። ሄሲዮድ "አውቆ ነው" ብሎ ሊያድነው ይሞክራል። እኔ ብዙም አላመንኩትም።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት ሥጋና በገበያ ስለሚሸጥ ሥጋ የጻፈውን ከዚህ በኋላ ስታነቡት ነገሩ የዕለት ተዕለት ጉዳይ እንደነበር ይገባችኋል። ሥጋ ሻጩ ጋ ያለው የማን ተረፍ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የኢትዮጵያ ነገር እንዳይቀር። ኢልያድ ምዕራፍ 1 ላይ ዜውስ ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድግስ ሄዷል፤ የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ኦዲሴይ ሲጀምር ደግሞ ፖሲዶን እነሱው ጋ በበሬና በበግ መሥዋዕት እየተደሰተ ነው። እሱ በሌለበት ሌሎቹ ተሰብስበው ከትሮይ ጦርነት ወደ ቤቱ መመለስ ያቃተው ኦዲሴዎስ አገሩ ይግባ ብለው ይወስናሉ። ታሪኩ የሚነሳው በዚህ ክፍተት ነው። ሆሜር የሚላቸው በዓለም ዳርቻ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የዛሬው ካርታ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ከዚህ ይልቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወለደውን ገጣሚና ፈላስፋ ክሴኖፋኔስን እወደዋለሁ። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸው ጥቁርና ደፍጣጣ አፍንጫ ናቸው ይላሉ፣ ከግሪክ በስተ ሰሜን ያሉት ትራቄዎች ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ፀጉር ይሰጧቸዋል፣ በሬዎች እጅ ቢኖራቸው በሬ የሚመስል አምላክ ይስሉ ነበር ብሏል።

ቀጥሎ የማነበው ለእህል አምላኳ ለዴሜተር የተገጠመው የጥንት መዝሙር ነው። ልጇ ፐርሰፎኔ በሃዴስ ተጠልፋ እናት ምድሩን እህል የምትነሳበት ታሪክ ነው። ዴሜተር አሮጊት መስላ አቴንስ አጠገብ ያለችው ኤሌውሲስ ትገባለች፤ ወይን ሲቀርብላት እምቢ ብላ የገብስ ዱቄት በውኃና በናና ተበጥብጦ ይሰጠኝ ትላለች። በሶ ቤት አለ። ናና ገዝቼ በጥብጬ እየጠጣሁ ላነበው ነው። አብሮኝ የሚጀምር ካለ ፐርሰፎኔ ሮማኑን እስከቀመሰችበት ቦታ አንብባችሁ ኑ።